ፊርዶስ የፈታችው ቃል

ጋሽ ዘካሪያስ ጀርመንኛ የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከብረት ሠራተኛ አፍ ነው። በደርግ ዘመን አቃቂ ከሚገኝ ፋብሪካ ተመርጠው ምሥራቅ ጀርመን ሄዱ፤ ሳክሶኒ በሚባለው ክፍል አራት ዓመት በማሽን መሐል ቆመው ተመለሱ። ዛሬ ጡረተኛ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በብሎኮቹ የጋራ ቤት፣ ልባቸው ለስደት የሸፈተ ወጣቶችን ያስተምራሉ። ቤቱ የእድሩም ዕቃ ቤት ስለሆነ አንዱ ጥግ የተጠቀለለ ድንኳን፣ ሌላው ጥግ ትልልቅ ድስት ተከምሯል፤ ተማሪዎቹም የሚቀመጡት ለቅሶ በሆነ ቁጥር በሚወጡት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ነው። ማንም ይህን ልብ ብሎት አያውቅም።

“መጽሐፉ ላይ ያለው ጀርመንኛ የክት ልብስ ነው” ይላሉ ጋሽ ዘካሪያስ። “ሰውየው ለእንግዳ ይለብሰዋል፣ ቤቱ ሲገባ ያወልቀዋል። እናንተ ደግሞ የምትሄዱት ቤቱ ድረስ ነው።” ከዚያ ያችን የዘወትር ታሪካቸውን ያመጣሉ። “ሳክሶኒዎች ‘አዎ’ ለማለት ‘ኑ’ ይላሉ። እኔ ይህን መቼ አውቄ! አለቃዬን ‘ብረቱን ልቁረጠው ወይ?’ እለዋለሁ። ‘ኑ’ ይለኛል። ጠራኝ ብዬ እሄዳለሁ። ‘ምን ፈለግህ?’ ይለኛል። እመለሳለሁ። ደግሜ እጠይቀዋለሁ፤ ‘ኑ’! ደግሜ እሄዳለሁ። ‘ና’ ሳይሆን ‘ኑ’ የሚለኝ አክብሮኝ ነው ብዬ ደግሞ መኩራቴ! ወር ሙሉ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ።”

ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው ፊርዶስ ናት።

ፊርዶስ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ታጁ ከስልጤ መጥተው ብሎኩ ሥር ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው፤ እሷ ደግሞ በነርስነት ተመርቃ ሥራ ያጣች ልጅ። የቀራት አንድ የቋንቋ ፈተና ነው፤ እሱን ካለፈች ጀርመን ውስጥ አረጋውያንን የሚንከባከብ አንድ ድርጅት ሊቀበላት ተስማምቷል። ትዕግሥት የላትም እንጂ ጭንቅላት አላት። አንድ ቃል ካልገባት ዕረፍት የላትም፤ በስልኳ ቀድታ፣ አዘግይታ፣ መላልሳ ሰምታ፣ እንደ ቋጠሮ ፈትታው ነው የምትነሳው። የፈታችው ዕለት ታዲያ መሬት አይበቃትም። በኋላ ጉድ የሠራትም ይኸው ደስታዋ ነው።

እማማ ዳሲቱ እዚያው ብሎክ ላይ፣ ከፊርዶስ ቤት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት መሬቱ የባላቸው የጤፍ ማሳ ነበር። “እኔ እኮ በገዛ ማሳዬ ላይ ደረጃ የምወጣ ሴት ነኝ” ብለው ይቀልዳሉ፤ ቀልዱ ሌላውን እንጂ እሳቸውን አያስቃቸውም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ጃለታ ጀርመን ነው። ከአራት ወር በፊት በደቡብ በኩል ባለች ትንሽ ከተማ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝቶ ብቻውን ሄደ፤ አበሻ የሚባል ፍጥረት የማይታይባት ከተማ ናት። አንድ ቀን ዱቄት እንደተሸከመ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር።

ሆስፒታሉ ከጃለታ ስልክ ላይ የእናቱን ቁጥር አግኝቶ ሲደውል፣ እማማ ዳሲቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። “ፊርዶሴ! ፊርዶሴ፣ ልጄ! ያንቺ ቋንቋ ነው መሰለኝ!” ከዚያን ቀን ጀምሮ የእናትየው ጆሮም አፍም ፊርዶስ ሆነች። ለሆስፒታሉ የራሷን ቁጥር ሰጠች። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ የምትደውለው ነርስ ራሷ ከሩማንያ የመጣች ስደተኛ ነበረች፤ ጀርመንኛዋ እንደ መጽሐፉ የተበጠረ ስለሆነ ፊርዶስን አንድም ቃል አላመለጣት። “እንቅልፍ እምቢ ብሎታል” አለቻት በሁለተኛው ሳምንት። “ይንቆራጠጣል፤ የተሰካበትን ሁሉ ይነቅላል። ትንሽ ቢተኛ ጥሩ ነበር።”

እማማ ዳሲቱ ይህን ከሰሙ ወዲህ ጸሎታቸው አንድ ብቻ ሆነ። “አቦዬ፣ እንቅልፍ ስጠው። ሌላ አልልህም፤ እንቅልፍ ብቻ።” ለሳሪስ አቦም ጃንጥላ ተሳሉ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የፊርዶስ ስልክ ጮኸ።

ያቺ ሩማንያዊት አልነበረችም። ድምፁ የትልቅ ሴት ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ቃሉን ሁሉ አላምጦ የሚያወጣ። ፊርዶስ እንደ ልማዷ መቅጃውን ተጫነችና ጆሮዋን ሰጠች። ምንም ጠብ አልል አላት። ሴትየዋ የምታወራው የአካባቢውን ጀርመንኛ ነው፤ ሽቬቢሽ የሚሉት፣ ጋሽ ዘካሪያስ ሳይቀሩ “እሱንስ እኔም አልችለው፣ እግዜር ይርዳችሁ” የሚሉት። ተናገረች፣ ቆም አለች፣ እንደገና ተናገረች። በመጨረሻ የሆነ ነገር ጠየቀች፤ ጥያቄ መሆኑ በድምፅዋ ያስታውቃል።

ፊርዶስ “አልገባኝም” ማለት ነበረባት። ቃሉን ታውቀዋለች፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከተማረቻቸው ቃላት አንዱ ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተምራ፣ ለፈተና ተመዝግባ፣ “አልገባኝም” ማለት እንደ ስድብ ከበዳት።

“ያ፣ ያ። ዳንከ” አለች። አዎ፣ አዎ፤ አመሰግናለሁ።

ሴትየዋ “ማይ ባይላይት” የምትመስል ነገር ተናገረች። ፊርዶስ “ባይ” የሚለውን ሰምታ ስንብት ነው አለች፤ እሷም “ባይ” ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ወደ ቅጂው። አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ዘረጋች፣ ድምፁን አዘገየች። “ኤር ኢሽ።” በጋሽ ዘካሪያስ ሳክሶኒ “ኢሽ” ማለት “እኔ” ነው። “እሱ እኔ” ግን ትርጉም አይሰጥም፤ ስለዚህ እዚህኛው አገር “ኢሽ” የሚሉት “ኢስት”ን፣ የእኛን “ነው”፣ መሆን አለበት። አንድ ተፈታ። “ሃይት ናኽት”፤ ዛሬ ሌሊት። ሁለት። “አይግሽሎፋ።” ይቺኛዋ ሃያ ጊዜ አስደገመቻት። ሽሎፋ፣ ሽሎፋ፣ ሽላፋ... ሽላፈን! መተኛት! “አ” የነበረውን “ኦ” አድርገውት ነው እንጂ ያው “አይንገሽላፈን” ነው፤ እንቅልፍ ወሰደው ማለት ነው። “ጋንዝ ሩኢግ”፤ ጸጥ ብሎ፣ በሰላም። ቀጥሎ ያለው ረጅም ጭጋግ ነበር። ከጭጋጉ ውስጥ “ፍራይታግ”ን ለየች፤ ዓርብ። እና “ሆይም”። ሆይም? ሆይም፣ ሆይም... ሃይም! ወደ ቤት! ዓርብ፣ ወደ ቤት! ከዚያ ወዲያ “ሶንሽት” የምትል ነገር ትሰማለች፤ እሷን ተወቻት። ዋናው ተፈትቷል።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። እማማ ዳሲቱ ምስር ይለቅሙ ነበር።

“እማማ! ደወሉ!”

ሰፌዱን አስቀመጡ። “ምን አሉ?”

“ሌሊቱን እንቅልፍ ወስዶታል! ጸጥ ብሎ፣ በሰላም አንቀላፍቷል አሉ!”

በእማማ ዳሲቱ ፊት ላይ አንድ ነገር አለፈ። አፋቸው ተከፈተ፣ እጃቸው ወደ ደረታቸው ተነሳ። የፊርዶስን ፊት አዩ። ፊርዶስ በሙሉ ጥርሷ እየሳቀች ነው።

“አንቀላፋ?” አሉ ቀስ ብለው።

“አዎ! ደግሞ ገና ነው፤ ዓርብ ወደ ቤት ነው!”

“ወዴት ቤት?”

“ወደ ቤቱ ነዋ፣ እማማ! ይወጣል ማለት እኮ ነው!”

እማማ ዳሲቱ እዚያው ምስሩ አጠገብ ተደፍተው ወለሉን ሳሙት። ሲነሱ እልል አሉ። ጎረቤት በር ከፈተ፣ “ምን ተገኘ?” አለ፣ እልልታው ከፎቅ ወደ ፎቅ ወጣ። ፊርዶስን አቅፈው ግንባሯን ሲስሟት ደስታና ኩራት አንድ ላይ አስለቀሳት። በሕይወቷ ለሰው እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም።

ረቡዕ እማማ ዳሲቱ ጃንጥላቸውን ይዘው ሳሪስ አቦ ሄደው ስለታቸውን አገቡ። ሐሙስ የጃለታን የድሮ አልጋ ልብስ አጥበው ባልኮኒው ላይ አሰጡ፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ “እንዲሁ፣ ደስ ብሎኝ” አሉ። ዓርብ ስልካቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ከእጃቸው አላወጡም። ቤቱ ሲገባ ይደውላል ብለው ነው። አልደወለም። ፊርዶስ የጃለታን ቁጥር ብትሞክር ዝግ ነው። “ባትሪ ዘግቶበት ይሆናል” አለች። “ደክሞትም ይሆናል” አሉ እማማ ዳሲቱ። “ይተኛ። ይተኛ ልጄ።”

ቅዳሜ ጠዋት ፊርዶስ ክፍል የገባችው አንገቷን ቀና አድርጋ ነው።

“ጋሽ ዘካሪያስ፣ እርስዎ የማይችሉትን እኔ ፈታሁት” አለች።

“ጎሽ! እስቲ አሰሚና” አሉ እየሳቁ። “ከአሁን ወዲያማ ወንበሩን ልልቀቅልሽ ነዋ!”

ቃላቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ በግራ መጽሐፉ የሚለውን፣ በቀኝ ሴትየዋ ያለችውን። ከዚያ ቅጂውን ከፈተች። ተማሪዎቹ አንዱም አልገባቸውም፤ እሷ ስትተረጉምላቸው “ኧረ አንቺ ልጅ!” እያሉ አጨበጨቡ። ጋሽ ዘካሪያስ አላጨበጨቡም።

“ድገሚው” አሉ።

ደገመችው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ስልኩን ከእጇ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ለሦስተኛ ጊዜ ቃል በቃል እየለቀሙ ሰሙት። ሲያበቃ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

“ለዛሬ ይበቃናል። ውጡ። አንቺ ቆይ፣ ፊርዶስ።”

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ አግዳሚው ላይ ከአጠገቧ ተቀመጡ። “ይቺን ‘ሶንሽት’ ምን አልሻት?”

“ተውኳት።”

“‘ሶንስት’ ናት። ‘አለዚያ’ ማለት ናት። እንዲህ ነው ያለችሽ። ‘ወደ አገሩ ልትወስዱት ከፈለጋችሁ እስከ ዓርብ ለከተማው ቢሮ ደውሉ፤ አለዚያ ከተማው ራሱ ይፈጽማል። ገባችሁ ወይ?’ አለችሽ። አንቺ ‘አዎ’ አልሻት።”

“ምኑን ነው የሚፈጽመው?”

ስልኩን መለሱላት። “የመጨረሻዋን ቃልስ?”

“ባይ ያለችኝ መስሎኝ...”

“ባይላይት። እኛ ‘እግዚአብሔር ያጽናችሁ’ የምንለው ነው።”

ፊርዶስ ብድግ አለች። “እንቅልፍ ወሰደው እኮ ነው ያለችው! እንቅልፍ! ይኸው፣ ራስዎ ይስሙት!”

“ሰማሁት፣ ልጄ። እነሱም እንደኛው ሰው ናቸው። ሞተ ማለት ሲከብዳቸው አንቀላፋ ይላሉ። ሳክሶኒ ሳለሁ አብሮኝ የሚሠራ ሰው አንድ ጠዋት ‘እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት’ አለኝ። ‘እሰይ፣ ደስ ይበልህ’ ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አናግሮኝ አያውቅም። ይቺን ለእናንተ ነግሬያችሁ አላውቅም። አታስቅማ።”

ፊርዶስ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ግን በዚህ አገር ሞት በስልክ ይነገራል እንዴ? መርዶ የራሱ ሰዓትና የራሱ ሰው አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። አባቱ ሞቶ ወር ሙሉ ሳይነገረው የሚከርም ስንት ሰው አለ! በጠራራ ፀሐይ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ለማይታወቅ የሰው ልጅ በስልክ የሚነገር ነገር ሞት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? በዚያ ላይ በፊርዶስ ቤት ሰው ሲሞት “አኼራ ሄደ” ነው የሚባለው፤ “አንቀላፋ” የእነ እማማ ዳሲቱ ቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለፊርዶስ ግን አንዱም አልጠቀማትም። እዚያው የለቅሶ ወንበር ላይ እጥፍ ብላ ጮኸች።

ጋሽ ዘካሪያስ ወዲያው ሆስፒታሉ ጋ ደወሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የከተማው ሰዎች መጥተው ወስደውታል፤ ቢሮው የሚከፈተው ሰኞ ነው፤ የሚያውቁት ይህንኑ ብቻ ነው።

“እስከ ሰኞ አስከሬኑ ከተገኘ መርዶውንም መምጫውንም አንድ ላይ እንነግራቸዋለን” አሉ ጋሽ ዘካሪያስ። “ቢያንስ አፈር ያለብሱታል።”

እሁድ እማማ ዳሲቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረጃው ላይ አገኟት። “ደወሉ እንዴ፣ ፊርዶሴ?” “አልደወሉም፣ እማማ።” “ከስተሻል። ፈተናው ነው አይደል? ራስሽን አትጉጂ” ብለው ጉንጯን ዳሰሷት።

ሰኞ ቢሮው ሲከፈት የደወለችው ራሷ ፊርዶስ ናት። ጋሽ ዘካሪያስ “እኔ ልደውል” ቢሏት እምቢ አለች። ስልኩን ያነሳው ሰው ወጣት ነው፤ ጀርመንኛው የጠራ፣ የክት ልብስ የለበሰ። ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ተናገረ። ሁሉም ገባት። የጃለታን ስም ገባት፣ የዓርቡ ቀጠሮ ማለፉ ገባት፣ “ዛሬ ማለዳ” የሚለው ገባት። የማታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ “አይንኤሸሩንግ”።

ምላሷ እንደ ልማዱ ቃሉን መፍታት ጀመረ፤ ልታስቆመው ብትል አልቆም አለ። አይን፣ ኤሸር፣ ኡንግ። ኤሸር፣ ኤሸ፣ አሸ። “አሸ” አመድ ነው። ወደ አመድነት መለወጥ። የእማማ ዳሲቱን መሬት ኮንዶሚኒየም በላባቸው፣ ልጃቸውን ደግሞ እሳት በላባቸው፤ የሚቀብሩት እንኳ የላቸውም።

“ይህን አንነግራቸውም” አሉ ጋሽ ዘካሪያስ። “ነገ መሞቱን ብቻ ነው። ሁለት መርዶ በአንድ ጠዋት ሰው ይገድላል። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል። አንቺም አትምጪ፤ የእድሩ ሰዎችና እኔ እንበቃለን።”

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጂራታ፣ ጋሽ ዘካሪያስና ስድስት ሰባት ጎረቤቶች እማማ ዳሲቱ በር ላይ ቆሙ። ፊርዶስ አትምጪ ብትባልም መጥታ ከኋላ፣ ደረጃው ላይ ቆማለች። ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። እማማ ዳሲቱ ለብሰው ነበር፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ።

“ዳሲቱ” አሉ ኦቦ ጂራታ፣ “እንግዲህ ጽኚ። ጃለታ...” አማርኛው አልወጣላቸው ብሎ በኦሮምኛ ጨረሱት። “ቦቆቴ።” አረፈ።

ሴቶቹ ጮኹ። እማማ ዳሲቱ አልጮኹም። ሰዎቹን በእጃቸው ገለል ገለል እያደረጉ ወደ ደረጃው ወጡና ፊርዶስ ፊት ቆሙ።

“አንቺ እኮ ነግረሽኝ ነበር” አሉ።

“እማማ...”

“አንቀላፋ ስትዪኝ ልቤ ሰምቶት ነበር። የእኛም ቃል እኮ ነው። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር።” እጃቸውን አንስተው የፊርዶስን አፍ ነኩት። “ግን አንቺ ትስቂ ነበር። ሳቅሽን አየሁና የገዛ ልቤን ውሸታም አልኩት። እልል አልኩ። ልጄ ሞቶ እልል አልኩ፣ ፊርዶሴ።”

ፊርዶስ እግራቸው ሥር ተደፋች። እማማ ዳሲቱ በክንዷ ይዘው ቀና አደረጓት። ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

“ወደ ቤት ነው ብለሽኛል። እሱስ እውነት ነው? መቼ ነው የሚያመጡልኝ? ከአባቱ ጎን ቦታ አለ፤ ዛሬውኑ አስቆፍራለሁ። መቼ አሉሽ?”

ኦቦ ጂራታ ወደ ጋሽ ዘካሪያስ ዞሩ። ጋሽ ዘካሪያስ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ፊርዶስ አመድ የሚለውን ቃል በሁለት ቋንቋ ታውቀዋለች። እማማ ዳሲቱ ክንዷን እንደያዙ ዓይን ዓይኗን እያዩ ይጠብቃሉ።

“አልገባኝም፣ እማማ” አለች። “የተናገሩት አልገባኝም።”